የጽድ አግዳሚውን ለማገዶ አትሽጡብን

ይድረስ፦ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በሌሎች የወሎ ከተሞች ለምትገኙ የሕንፃ ሹሞች
ጉዳዩ፦ ከፈረሰ ቤትና ከተጣለ ዕቃ ለሚሠራ አንድ የሙከራ ሕንፃ ቦታና ፈቃድ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሕንፃ ሹሞች፣

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ምክንያቱ ግን ይረዝማልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። በየከተማችሁ አሮጌ ቤት ሲፈርስ እንጨቱ ለማገዶ፣ ብረቱ በኪሎ ለማቅለጫ ከመሸጡ በፊት የሚያውቅ ሰው እንዲያየው፣ የሚጠቅመው ተለይቶ በአንድ አጥር ግቢ እንዲቀመጥ፣ ከተቀመጠውም አንድ ትንሽ ሕንፃ፣ አንድ ብቻ፣ በሙከራ ፈቃድ እንዲሠራ ነው የምለምነው። ገንዘብ አልጠየቅሁም። «በጀት የለም» የሚለውን መልስ ስለማውቀው ያንን በር ራሴ አስቀድሜ ዘግቼዋለሁ።

ሥራዬ የቤት ንድፍ ነው። ደሴ ላይ መንገድ ሊሰፋ ወይም ፎቅ ሊቆም አሮጌ ቤት ሲፈርስ እግሬን ይይዘኛል፤ ቆሜ አያለሁ። እናንተም ሳታዩ አትቀሩም። ግድግዳው ይገፋል፣ አቧራው ይነሣል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ወደ አንድ ጎን፣ እንጨቱ ወደ ሌላ ጎን ይወረወራል። ያን የተወረወረ አግዳሚ እንጨት አንድ ቀን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ጽድ ነው። በመጋዝ የወጣ አይደለም፤ በመጥረቢያ ነው የተጠረበው፣ የጠራቢው ምት አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ይቆጠራል። ላዩ ስንት ዘመን በጭስ ጠቁሯል። በቢላዋ ጫፍ ፋቅ ስታደርጉት ግን ውስጡ ቀላ ብሎ ይወጣል፣ ሽታውም ከነሕይወቱ ነው። በጣታችሁ አንጓ ብትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ምስጥ አልደፈረውም። ከዳር ሁለት ሦስት የዛገ ሚስማር ተሰክቶበት፣ የበሩን መቃን የተሸከመበት ቦታ ላይ ጎድጉዶ፣ ሌላው ገላው ግን ደህና ነው።

ይኸው እንጨት እዚያው በመጋዝ ተቆራርጦ በሸክም ይሸጣል፤ ለማገዶ። አጠገቡ የሚሠራው አዲስ ቤት ደግሞ በእርጥብ የባሕር ዛፍ አጣና ይማገራል። አጣናው ሳይደርቅ ስለሚገባ ጣሪያው ሳይጠገብ ይጣመማል፣ ምስጡም መንገዱን አይስትም። የደጋውን ወሎ ብትዞሩት ያን የሚያህል ጽድ ቆሞ የምታገኙት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በመካነ መቃብር ነው፤ እሱን ደግሞ የሚነካ የለም፣ አይነካም። እንግዲህ ትልቁ የጽድ ደናችን ያለው አሮጌዎቹ ቤቶቻችን ውስጥ ነው። እየማገድነው ነው።

ቆርቆሮውም ከዚህ አይሻልም። ነጋዴ ቤት ገብታችሁ ርካሽ ቆርቆሮ ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ ባለ 35 ጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ከአሮጌ ጣሪያ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ባለ 28 ነው። ቀለሙ ሄዷል፣ የሚስማር ቀዳዳ አለበት፣ ግን በእጅ ብታጥፉት እሺ አይላችሁም። ቀዳዳ ያለበት ቆርቆሮ ለጣሪያ አይሆንም ይባላል፤ ልክ ነው። ለግድግዳ ግን ምን ይለዋል? ሁለት ላሜራ ተጣምሮ መሀሉ ቢሞላ የደሴን ብርድ ይመልሳል። በምን ይሞላል ለሚለው ከኮምቦልቻ የልብስ ፋብሪካዎች የሚወጣውን ቁርጥራጭ ጨርቅ አስባለሁ። በሌላ አገር የጥጥ ቁርጥራጭ እሳት እንዳይዘው በቦሮን ጨው ታክሞ ለግድግዳ ሙቀት መያዣ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ፍራሽና ትራስ ሠሪዎች የሚወስዱትን ወስደው የሚተርፍ ካለ፣ እሱ ለዚህ ይሞከር።

«የሚተርፍ ካለ» ያልኩት አውቄ ነው። በዚህ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ።

ከተጣለ ዕቃ ቤት ስለመሥራት ሲነሣ ወዲያው የሚመጣው የጠርሙስ ቤት ነው። ስልኩ ላይ ሥዕሉን ያላየ የለም። የነገሩ አንዱ ምንጭ እንዲህ ነው፦ የሆላንዱ ቢራ ጠማቂ አልፍሬድ ሃይነከን እ.ኤ.አ. በ1960 የካሪቢያን ደሴት ወደሆነችው ኩራሳው ሄዶ የራሱ ጠርሙስ ባሕር ዳርቻው ላይ ተበትኖ አየ። ጠርሙሱ በመርከብ ሄዶ የማይመለስ ነበርና ከተጠጣ በኋላ የሚሰበስበው አልነበረም። ድሃው ደግሞ ቤት የለውም። ጆን ሃብራከን የተባለ የንድፍ ባለሙያ ቢራው ሲያልቅ እንደ ጡብ የሚደረደር ባለ አራት ማዕዘን ጠርሙስ ሠራለት፤ በ1963 100,000 ያህል ተመረተ። ከዚያ ኩባንያው ሐሳቡን ተወውና ነገሩ በሙዚየም ቀረ። በታይላንድ ሲሳኬት አውራጃ ደግሞ መነኮሳት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ጠርሙስ እየሰበሰቡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጠርሙስ የገባበት ገዳም አቁመዋል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ወሎ ላይ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ወሎ ላይ ጠርሙስ አይጣልም። የቢራው ጠርሙስ ከነሳጥኑ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ መያዣ ተከፍሎበታል። የአረቄው ጠርሙስ ዘይት ይቀዳበታል፣ ማር ይቀመጥበታል። ጀሪካን ማፍሰስ ሲጀምር በጋለ ብረት ይለጠፋል፣ ከዚያም ቢብስ ተቆርጦ የአበባ መትከያ ይሆናል። የዘይት ጣሳው እህል ይሰፈርበታል። ያለቀ ጎማ በረባሶ ሆኖ አገር ያቋርጣል። የመኪና ቸርኬ ተሰቅሎ የትምህርት ቤት ደወል ነው፤ ብዙዎቻችን በእሱ ድምፅ ተሰልፈናል። የቀረውን ቆራሌው እየጮኸ ከየደጃፉ ይገዛዋል። እንግዲህ እዚህ አገር የጠርሙስ ቤት ልሥራ የሚል ሰው ከቆሻሻ አይደለም የሚወስደው፤ ከድሃ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ቢመጣላችሁ ብትመልሱት አልቀየምም።

ታዲያ የሚጣለው ምንድን ነው? ቆራሌው የማይሸከመውና የማይፈቀድለት ነው። የፈረሰ ቤት እንጨትና ድንጋይ ነው። ሽቦ ያለበት የከባድ መኪና ጎማ ነው፤ ከሚሌ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባው መኪና ሁሉ ይህን ጎማ ይጥላል፣ ሽቦው የበረባሶ ሠሪውን ቢላዋ ስለሚሰብር የሚፈልገው ጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ ኬብል ተጠቅልሎ የሚመጣበት ትልቁ የእንጨት መዘውር ነው፤ አንዳንዱ ቢራ ቤት ገብቶ ጠረጴዛ ሆነ፣ ሌላው ዝናብ ይበላዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ደግሞ ጨረታ ሲጠብቅ ሣር የበቀለበት ንብረት አለ፦ እግሩ የተሰበረ የተማሪ ወንበር፣ አካሉ የቀረ መኪና፣ ቱቦላሬ፣ አንግላሬ፣ የመስኮት ፍሬም። ይህ ሁሉ ባለቤት አለው። ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ግን ማንም አያነሣውም፤ አንድ ቀን የማስወገጃ ኮሚቴ ይቀመጥና በጅምላ፣ በኪሎ ይሸጣል። ቀጥ ያለ ቱቦላሬ እንደ ተጨማደደ ላሜራ እኩል በኪሎ ሲመዘን ማየት ለእኔ ሙያ ሰው ያማል።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ የሚያመጣችሁን ነገር ልንገራችሁ። ኤንስኸደ የምትባል የሆላንድ ከተማ አለች፤ እንደ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነበረች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀ «ቪላ ቬልፕሎ» የተባለ መኖሪያ ቤት የቆመበት የብረት አጽም የተገኘው ሥራ ካቆመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ነው። የውጪው የእንጨት ልባስ ደግሞ ከላይ ያልኳችሁ የኬብል መዘውር ተፈታትቶ ነው። የሠሩት በሮተርዳም ያሉ የንድፍ ባለሙያዎች ናቸው፤ ዛሬ ሱፐርዩዝ በሚል ስም ይታወቃሉ። ቤቱን ብታዩት የተጣለ ነገር የሚመስል አንድም የለበትም፤ የሀብታም ቤት ነው።

ከቤቱ ይልቅ እኔን የገረመኝ አሠራራቸው ነው። ከንድፍ በፊት ካርታ ይሠራሉ። በግንባታው ቦታ ዙሪያ የትኛው ፋብሪካ ምን ይጥላል፣ የት ምን ሊፈርስ ነው፣ ስንት አለ፣ ርዝመቱ ስንት ነው፣ እያሉ ያስፍራሉ። ከዚያ በኋላ ነው እርሳስ የሚያነሡት። እኛ የምንሠራው የተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ እሥላለሁ፣ ከዚያ ደንበኛዬ የሣልኩለትን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፣ ሲመለስ ዋጋው ጨምሯል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሐረጎን ዳገት ወርዶ ለመውጣት ነዳጅ ቢበላም ሁለቱ ከተሞች በአንድ ካርታ ይገባሉ፤ አንዱ ቤት ያፈርሳል፣ አንዱ ፋብሪካ አለው። ያንን ካርታ ለመጀመር የሚያስፈልገው እናንተ ዘንድ አለ። የማፍረሻ ፈቃድ የምትሰጡት እናንተ ናችሁና ነገ የሚፈርሰውን ዛሬ ታውቃላችሁ።

በቻይና ኒንግቦ ከተማ ዋንግ ሹ የተባለ የንድፍ ባለሙያ የሠራው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቷል። የሙዚየሙ ግድግዳ በአካባቢው ከፈረሱ መንደሮች በተለቀመ ጡብና የጣሪያ ሸክላ የተሞላ ነው። ዋንግ ሹ በ2012 በሙያው ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትስከርን አገኘ። ከዚህ የምወስደው ሽልማቱን አይደለም። እያንዳንዱ ሸክላ መጠኑ ስለሚለያይ የቱ የት እንደሚገባ በንድፍ ላይ ማስፈር አይቻልም ነበር፤ የወሰነው ግንበኛው ነው። የላስታን ክብ የድንጋይ ቤት ያያችሁ ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም። ድንጋዩን አንስቶ፣ አገላብጦ፣ ፊቱን አይቶ ቦታውን የሚሰጠው ግንበኛው ነው፣ ወረቀት አያውቀውም። ከብሎኬት በፊት ያደጉት ግንበኞቻችን ይህ ዓይን አላቸው። እነሱ ሳያልፉ ነው ይህ ሥራ መጀመር ያለበት።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ከወሎ ከተሞች በአንዱ፣ የቱ እንደሆነ መጥቀስ አያስፈልግም፣ አንድ ደንበኛዬ የአያቱን ቤት አፍርሶ የጽዱን አግዳሚ ለአዲሱ ቤት ጣሪያ ሊጠቀምበት ፈለገ። ንድፉን ይዤ ገባሁ። ባለሙያው ገልጦ አየና «የእንጨቱ ደረሰኝ የታለ?» አለኝ። ከአያቱ የወረሰው ነው አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። «ወንድሜ፣ እኔ ምን ብዬ ልፈርም? ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለ። እውነቱን ነው። አዲሱ ባሕር ዛፍ ደረሰኝ አለው፣ ያረጀው ጽድ የለውም፤ ፊርማው የሚከተለው ደረሰኙን ነው። ደንበኛዬ ጽዱን ሸጦ አጣና ገዛ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ከፈለ። «ሀ» ቀላሉ ነው፣ ከሁለት ፎቅ በታች ያለ የግል መኖሪያ ይገባበታል። «ሐ» ከባዱ ነው፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይገባበታል። እዚያው «ሐ» ውስጥ ግን ማንኛውም የሕዝብ ወይም የተቋም ሕንፃም አለ። እንግዲህ በአንድ ቀበሌ ግቢ ውስጥ ሦስት በአራት ሜትር የሆነች የንባብ ክፍል ልሥራ ብል በወረቀት ከረጅም ሆቴል ጋር እሰለፋለሁ። ሕጉ ሲወጣ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ይጠንክር ተብሎ ነው፤ ነቀፋ የለኝም። ለሙከራ የሚሆን ቀዳዳ ግን አላየሁበትም። አደጋ የሌለው ትንሽ ነገር፣ ለሕዝብ ስለሆነ ብቻ፣ ለመሞከር ይቸግራል።

ሌሎች በዚህ በኩል አልፈዋል። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ማይክል ሬይኖልድስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አፈር በተጠቀጠቀበት ጎማ፣ በጣሳና በጠርሙስ ቤት ሲሠራ ኖሯል። አንዳንዱ ቤት አፈሰሰ፣ አንዳንዱ ከመጠን በላይ ሞቀ፣ ነዋሪዎች ከሰሱት፣ የሙያ ፈቃዱን እስከማጣት ደረሰ። ሰውየው ዓመታት ከሕግ አውጪዎች ደጅ ጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ግዛቲቱ ለሕንፃ ሙከራ ብቻ የሚውል ቦታ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በዚያ ቦታ ውስጥ የተለመደው የግንባታ ደንብ ይላላል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሕግ አልተነካም። እኔ ሬይኖልድስን በሁሉም ነገር አልከተለውም። አፈር የተጠቀጠቀበት አንድ የትንሽ መኪና ጎማ ብቻውን ከ130 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ይህን ለግድግዳ ከመቆለል ለደሴ ተዳፋት የአፈር መያዣና ደረጃ ብናደርገው ይሻላል እላለሁ። ሕጉን ግን ብንወስደው ደስ ይለኛል። አገራችን ውስጥም የሚመስለው አለ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኢንስቲትዩት ከዙሪክ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በራሱ ግቢ ውስጥ በአብዛኛው ከአፈር የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት አቁሟል። ግቢው የዩኒቨርሲቲው ስለሆነ ተቻለ። እኛስ ግቢ አጣን?

«ደረሰኝ የሌለውን እንጨት በምን አምነን እንፈርም?» ለሚለው መልስ አለኝ፤ ደግሞም ውድ አይደለም። አራት ሜትር የሆነውን አግዳሚ በሁለት የብሎኬት ክምር ላይ አጋድሙት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሩና በሲባጎውና በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። መሀሉ ላይ ባዶ በርሜል አንጠልጥሉ። ከዚያ በባልዲ ውኃ እየጨመራችሁ ቆም እያላችሁ ለኩ። ሲሞላ 200 ሊትር ነው፣ 200 ኪሎ ማለት ነው፤ ጣሪያው ከሚጭንበት በላይ እስኪሆን ሁለተኛ በርሜል ጨምሩ። የጣሪያው ጭነት ብቻ ባለበት የእንጨቱ ጉብጠት ከርዝመቱ ከ300 አንድ እጅ፣ ለአራት ሜትር 13 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ካላለፈ ደህና ነው። ሙሉው ጭነት ላይ አሳድሩት። ጠዋት ውኃውን ስትቀዱለት ተመልሶ ቀጥ ካለ አግዳሚው ፈተናውን አልፏል። ስንጥቅጥቅታ ከተሰማ ወይም ጎብጦ ከቀረ፣ እሱ ለማገዶ ይሂድ፣ እኔው ራሴ ፈልጬ እሰጣለሁ። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ይህን ለክተው፣ መዝግበው፣ መምህራቸው ፈርሞበት ቢያመጡላችሁ፣ ነጋዴ ከሚቆርጠው ደረሰኝ ያነሰ መተማመኛ ነው?

የሚያስፈራውንም ልናገር፣ በኋላ ከሌላ እንዳትሰሙት። በዚህ ሥራ ውስጥ ጭራሽ መነካት የሌለበት አለ። አሮጌ የአስቤስቶስ ክዳንና ቧንቧ ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ሳንባ የሚገድል ነው፤ ያ ወደ ግቢው አይግባ። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ሳይታጠብ በብየዳ ከተቆረጠ ይፈነዳል፤ በያጆቻችን ይህን ያውቁታል፣ ግን ይቸኩላሉ። ከ2014ቱ ጦርነት የቀረ ብረት ደግሞ ባለሙያ ሳያየው አንድም ቁራጭ አይመዘን፣ አይገዛ፣ አይበየድ፤ ቆራሌዎቹና ልጆች ናቸው ቀድመው የሚጎዱት። ከሁሉም በላይ መሬታችን ይንቀጠቀጣል። በ1953 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ካራ ቆሬ ተናውጣ ማጀቴ ፈርሳለች፤ እኛም የተቀመጥነው በዚያው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ከባድ ነገር ወደ ላይ መቆለል አይሆንም። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ቀላል እንጨትና ቆርቆሮ፣ ማዕዘኖቹ በብረት የታሠሩ፤ የማስበው ሕንፃ ይህ ነው። አያቶቻችንም ጭቃ ቤት ሲሠሩ በማገር ያስሩት ነበር።

ማን ይግባበት ለሚለው አቋሜን ልናገር። በአሜሪካ አላባማ፣ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳሙኤል ሞክቢ ከባልደረባው ዲ. ኬ. ሩት ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ያቋቋመው «ሩራል ስቱዲዮ» የሚባል ትምህርት አለ። ተማሪዎቹ በድሃ ገጠር ከተጣለ ነገር ቤት ይሠራሉ። የአንዱ መሰብሰቢያ ቤት ጣሪያና ግድግዳ የሸቭሮሌ ካፕሪስ መኪኖች የፊት መስታወት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦበት ነው። ሌላው መኖሪያ ቤት ግድግዳው 72,000 የቢሮ ምንጣፍ ቁራጭ ተደራርቦና ተጨምቆ የተሠራ ነው። ውበታቸውን አልክድም፣ የሞክቢም ልብ ንጹሕ ነበር። ግን እኛ ዘንድ ለአንዲት ድሃ እናት የምንጣፍ ቁራጭ ቤት ብንሠራላት ጎረቤት «የቆሻሻ ቤት ሰጧት» ይላል፣ እሷም ትሰማዋለች። ያልተሞከረ ነገር በድሃ ቤት ላይ መሞከር አልወድም። ቢያፈስ የሚያድርበት እሱ ነው።

ስለዚህ ሙከራው እናንተው ግቢ ውስጥ ይሁን። የማስበው ባለጉዳይ የሚጠብቅበት መጠለያ ነው። ዛሬ ፈቃድ ሊጠይቅ የመጣው ሽማግሌ የሐምሌን ዝናብ ቆሞ የሚመታበት ቦታ ላይ፣ ሦስት ግድግዳ ያለው፣ አንድ ጎኑ ክፍት፣ ማንም የማያድርበት፣ ስፋቱ ከአራት ሜትር የማያልፍ። አግዳሚው ከፈረሰ ቤት የመጣ ጽድ፤ ግድግዳው ከታች የፈረሰ ድንጋይ፣ ከላይ አሮጌው ባለ 28 ቆርቆሮ፣ መሀሉ የታከመ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት፤ ብርሃኑ ከጋራዥ በተሰበሰበ የመኪና የፊት መስታወት (ያ መስታወት ቢሰነጠቅ እንኳ መሀሉ ባለው ላስቲክ ስለሚያያዝ አይረግፍም)፤ መቀመጫው ከመሥሪያ ቤቱ ጓሮ የተነሣ የተማሪ ወንበር ብረት። ሁለት ክረምት ይቁም። በየወሩ አንድ ሰው እየዞረ የት አፈሰሰ፣ የት ዛገ፣ የት ጎበጠ እያለ ይጻፍ፤ ጽሑፉም ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፣ ባለጉዳይ እየጠበቀ ያንብበው። ከሁለት ክረምት በኋላ ከወደቀ እኔ ባወጣሁት ወጪ ይነሣ። ይህን በውል እፈርማለሁ።

ከእናንተ የምጠብቀው ሦስት ፊርማ ነው። አንዱ የማፍረሻ ፈቃድ ሲሰጥ ከማፍረሱ በፊት አንድ ሳምንት ተሰጥቶ ቤቱ እንዲታይና የሚነቀለው በእጅ እንዲነቀል የሚያዝ ነው። ነቃዮቹ ቆራሌዎቹና የቀን ሠራተኞቹ ይሁኑ፣ ይከፈላቸው፤ ሚስማሩን ያቃኑ ዘንድ ለልጆች አትስጡት። ሁለተኛው ለዕቃው ማስቀመጫ የሚሆን፣ ጣሪያ ያለው፣ የሚቆለፍ ግቢ ነው። ዝናብ እየመታው መሬት ላይ የተተወ ጽድ እንኳ ውሎ አድሮ ይበላሻል። ሦስተኛው ያው የሙከራ ፈቃዱ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይህን ለክልል እንጠይቅ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጠይቁ። ግን እስኪመለስ ድረስ አንድ ቤት የማፍረሻ ፈቃድ ጠይቆ ጠረጴዛችሁ ላይ ካለ፣ እባካችሁ ለእሱ ብቻ አንድ ሳምንት ስጡት። እኔ በር ላይ እገኛለሁ፤ ሚስማር መንቀያዬን ይዤ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የደሴ ነዋሪ የቤት ንድፍ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ለበርሜሉ ፈተና)
ለየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴዎች
ለጽድ አግዳሚ ገዢዎች፣ ለጥቂት ጊዜ እንድትታገሡን
ለቆራሌዎች